አስፋልት ዳር የምታድር መርሴዲስ

መኪናዬ ከእኔ ጋር አታድርም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እተኛለሁ፤ እሷ ከቤቴ 1 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ርቃ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ታድራለች። ለማደሪያዋ በወር 1,500 ብር እከፍላለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ አቆማትና የኋላ ኮፈኗን ከፍቼ የጎማ ቦቲዬን አወጣለሁ። የቆዳ ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ በቦቲው ቦታ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ቤቴ። ጥግ ላይ በቆሎ የሚጠብሱት እትዬ ከሩቅ ሲያዩኝ "የማርቸዲሱ እግረኛ መጣ!" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። አሁን ቆሜ እሸት እገዛለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "እንዴት አሰብከው?" መልሴ ብዙ አሰብኩበት የሚል ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ሥራዬ ሂሳብ ነው። የግንባታ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የሰው ደረሰኝ ስመረምር 19 ዓመቴ። አንድ ነገር ከመግዛቴ በፊት በወረቀት ላይ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ለመግባት ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ መያዝ አለብኝ። ከእኔና ከባለቤቴ ደመወዝ እየቆነጠርን ስድስት ዓመት ለቶዮታ ቪትዝ ቆጥበናል። ቪትዝ ግን እንደ ጥላ ናት፤ በተጠጋናት ቁጥር ትርቃለች። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው እንደ መሬት ሆነ፤ እያረጀ የሚወደድ ነገር። ባለፈው መጋቢት አንድ ደላላ ያሳየኝ ቪትዝ የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስኮት አውርደህ እጅህን አውጥተህ ነው የምትከፍተው። የጠየቀኝ ዋጋ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ነው። "በሩ ቀላል ነው ወንድሜ" አለኝ። ቀላል ከሆነ ለምን አላሠራችሁትም ብዬ ብጠይቀው ተቀየመ።

ኤሌክትሪክ ግዛ የሚሉኝ አሉ። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ በመስኮት እንዳወርድ ነው?

ጨረታ ውስጥ የገባሁት እንዲህ ተማርሬ ነው። ድሮ የጨረታ ማስታወቂያ አዲስ ዘመን ላይ በደቃቅ ፊደል ይወጣ ነበር፤ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በእስክሪብቶ እያሰመረ ያነበው ነበር፤ አንድም ቀን ግን ሲጫረት አላየሁትም። አሁን ስልክ ላይ ነው። ትመዘገባለህ፣ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የማስያዣ ክፍያ ሰነድ) አሠርተህ ታስገባለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ከዚያ ሰዓቱ እየቆጠረ ከማታያቸው ሰዎች ጋር ትጫረታለህ። የገባሁበትን ድረ ገጽ ስሙን አልጠቅስም፤ ላመሰግነውም ላማርረውም አልፈልግም።

በዚያ ገጽ ላይ የሚወጡ የቅንጦት መኪኖች ከሁለት ቦታ የመጡ ናቸው። አንደኛው ክፍል የኤምባሲዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ነው። ፎቶው ያምራል፤ በየጊዜው ሰርቪስ የተደረገ፣ አንድ ሾፌር ብቻ የነዳው፣ ወንበሩ ላይ ገና ፕላስቲክ ያለ የሚመስል። የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቢኤምደብልዩ ኤክስ 5 በ600,000 ብር መነሻ ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ፎቶውን ትታ ከሥር ያለውን አነበበች፤ "ቀረጥ ያልተከፈለበት" ይላል። "ይሄ ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

ማለት የሚፈልገው ይሄ ነው። የዲፕሎማት መኪና ሲገባ ከቀረጥ ነፃ ነው የሚገባው። ያ መብት የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ እኔ፣ ሲገዛው ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ ገዢው ትከሻ ላይ ይወድቃል። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ አሮጌ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ዕድሜውና የሞተሩ መጠን በጨመረ ቁጥር እያደገ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ደብተር አወጣሁ። ጉምሩክ መኪናውን 100 ብር ነው ብሎ ቢገምተው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን 35 በመቶ ብንይዝ 135 ይሆናል። በዚያ ላይ 500 በመቶ ኤክሳይስ 675 ብር፤ ድምር 810። በእሱ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 931 ብር ከ50 ሳንቲም፤ በእሱ ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ ሲጨመር 1,024 ብር ከ65 ሳንቲም። አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ እየተፈናጠጠ ነው የሚሄደው። የመቶ ብሯ መኪና አንድ ሺህን አልፋ ቁጭ አለች። ባለቤቴ ድምሩን አየችና ስልኩን ገለበጠችው። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ ያሸነፉ ሰዎች እንዳሉ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ሲፒኦአቸውን ትተው ነው አሉ የሄዱት።

ሁለተኛው ክፍል የባንክ መያዣ ነው። ብድር ሳይመለስ ሲቀር ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ይሸጣል። እነዚህ ቀረጣቸው ቀድሞ የተከፈለ፣ ኮድ 2 ታርጋ ያላቸው ናቸው። ፎቶአቸው አያምርም። አቧራ አለ፤ ግቢ ውስጥ የበቀለ ሣር በጎማው መሀል ይታያል።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እሷን ያየኋት እዚያ ነው። መርሴዲስ ኢ 320፣ የ2004 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ 187,000 ኪሎ ሜትር የሄደች። ኮፈኗ ላይ ያለው ኮከብ ተነቅሎ ተወስዷል፤ ይሄ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ነው። መነሻ ዋጋዋ 1,350,000 ብር። ከሚከፈት በር ጋር ከቪትዟ 750,000 ብር ትረክሳለች።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቶዮታ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ጠዋት አውጥተህ ከሰዓት በፊት ትሸጠዋለህ፣ መለዋወጫው ሱማሌ ተራ እንደ ሽንኩርት ይቸረቸራል። አሮጌ መርሴዲስን ግን ሰው ይፈራል። መለዋወጫውን ይፈራል፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 3 ነጥብ 2 ሊትር ሞተሩ የሚጠጣውን ቤንዚን ይፈራል፣ የሚነካውን መካኒክም ይፈራል። እኔ ፍርሃት ዋጋ ያለው ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። የሰው ፍርሃት በርካሽ እየተሸጠ ከሆነ፣ የሚያስፈራውን ነገር ለይቼ በብር ከተመንኩት ሂሳቡ ያዋጣል።

ስለዚህ ተመንኩት። ፎቶው ላይ የሚታየውን የሻንሲ ቁጥር ስልኬ ላይ አስገብቼ ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ምን እንደተገጠመላት ዝርዝሩን አወጣሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ 489 የሚለውን ቁጥር ከበብኩት። ኤርማቲክ ነው፤ በብረት ሞላ ፈንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ የምትቀመጥ መኪና ማለት ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ ይተነፍሳል። ሌላ የከበብኩት ፍሬኗን ነው። ይህ ሞዴል በ2006 እ.ኤ.አ. እስኪታደስ ድረስ ኤስቢሲ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን ነበረው፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ኮምፒውተር ነው ለጎማዎቹ የሚነግርልህ። በ2004 እ.ኤ.አ. ለዚህ ፍሬን ሲባል ወደ 680,000 መኪኖች ለፍተሻ ተጠርተዋል። በወረቀቴ ላይ ለሁለቱ 250,000 ብር መጠባበቂያ ያዝኩ። ስለ መንገድ ምንም አልጻፍኩም። ሚያዝያ ላይ የሰፈራችን አፈር እንደ ሸክላ የደረቀ ነበር፤ ማንም ሊያስበው አይችልም።

የጨረታ ሰነዱ አራት ገጽ ነው። "ባለበት ሁኔታ" የሚለው ሐረግ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ዋጋው ቫትን እንደማያካትት ደግሞ ተራ ቁጥር 9 ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ማየት የሚቻለው በሥራ ቀን ከ3 እስከ 10 ሰዓት ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ዶክተር" የሚለውን መካኒክ ይዤ ቃሊቲ ሄድኩ። ዶክተር ቱታው ኪስ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ዕቃ የምትመስል ትንሽ መስታወት ይይዛል፤ ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። የግቢው ጥበቃ "መክፈት ይቻላል፣ ማስነሳት አይቻልም" አለን። እንኳን ማስነሳት፣ ባትሪዋ ሞቶ መስኮት አይወርድም። ዶክተር ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ ዘይት አሸተተ፣ መስታወቷን በየስርቻው ከተተ። የኋላ ግራዋ መሬት ልትነካ ምንም አልቀራት። ጥበቃው "ጎማው ነፋስ ቀንሶ ነው" አለ። ዶክተር ጎማውን በእግሩ መታና "ጎማውስ ሙሉ ነው፤ የተነፈሰው ሌላ ነው" አለ። ጨረታው ገጽ ላይ 23 ፎቶ ነበር፤ ይህችን ጥግ የሚያሳይ አንድም የለም።

እሱ ከሥር እያለ እኔ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የጓንት ሳጥኑን ስከፍት አንዲት ትንሽ ደብተር አገኘሁ። ውስጧ ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎ ሜትር፣ ብር በአራት ዓምድ ተሰምሮ ተጽፏል። አስተካክሎ የሚጽፍ እጅ ነው፤ ሰባት ቁጥርን መሀሏን የሚሰርዝ። ከየገጹ ሥር ድምር አለ። ድምሮቹን ከልማዴ አመሳከርኳቸው፤ አንድ ስህተት የለም። የመጨረሻው መስመር ላይ ቀን ተጽፏል፣ ሊትሩ ግን አልተሞላም። ምን እንደሆነ አላውቅም። ደብተሯን መልሼ አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዶክተር በመስኮቱ አንኳክቶ "ምነው፣ ከአሁኑ ወደድካት?" አለኝ።

ጨረታው ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነበር። የመነሻውን ሩብ፣ 337,500 ብር በሲፒኦ አስይዣለሁ። ማታውን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ከዚህ በላይ አልሄድም የምልበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ 1,720,000። እሷም ፈረመችበት። ቀልድ መስሏችሁ ከሆነ ወረቀቱ አሁንም ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል።

እስከ 9 ሰዓት ተኩል ማንም ብዙ አልተንቀሳቀሰም፤ 1,400,000 ላይ ተኝታለች። እኔም ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን ጠጥቻለሁ። 9 ሰዓት ከ50 ላይ ገበያው ተነሳ። አምስት አምስት ሺህ ነው የሚጨመረው። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ዋጋ ከሰጠ ሰዓቱ ሌላ አምስት ደቂቃ ይጨምራል፤ አድብቶ በመጨረሻዋ ሰከንድ መንጠቅ አይቻልም። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ እኔና "ተጫራች 14" ብቻ ቀረን። እኔ አምስት ሺህ ስጨምር እሱ አምስት ሺህ። ሰውየው እንደ እኔ በወረቀት የታሰረ ይሁን በልቡ የሚሄድ ልለየው አልቻልኩም። 10 ሰዓት ከ20 ላይ መብራት ሄደ። ዋይፋዩ አብሮ ሄደ፤ ስልኩ ላይ ያለው ኔትወርክ ቤታችን ውስጥ አንዲት መስመር ናት። በነጠላ ጫማ ወደ ጣራው ሮጥኩና የውሃ ሮቶው አጠገብ ቆምኩ። ጎረቤቴ እዚያ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ "ምን ሆንክ? ሰው ሞተ እንዴ?" አለች። በእጄ ዝም በይ አልኳት። 1,715,000 ብዬ ላክሁ። ቀጣዩን 1,720,000 እሱ ካለው ለእኔ የሚቀረኝ የለም። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሮቶውን ተደግፌ ቆምኩ። 14 ዝም አለ።

ጎረቤቴ የመጀመሪያዋ እንኳን ደስ ያለህ ባይ ሆነች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ።

1,715,000 ከቫቱ 257,250 ጋር 1,972,250 ብር ነው። በ15 ቀን ውስጥ ቀሪውን 1,634,750 ብር ከፈልን። ክሊራንሱን፣ ምርመራውን፣ ቦሎውን፣ ሦስተኛ ወገኑን፣ ስም ማዘዋወሩን አልተርክም። ያየው ያውቀዋል፤ ላላየው ደግሞ ቀኑን ለምን ላበላሽበት? ሊብሬው በስሜ ወጣ።

በክሬን ተጭና ገላን የሚገኘው የዶክተር ጋራዥ ገባች። ሁለት ባትሪ ነው የምትወስደው፤ ገጠምንላት። በሩን ስከፍት ከኮፈኑ ሥር "ዝዝዝዝ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ ንብ ዓይነት። ረዳቱ ልጅ በዚያው ቅጽበት የፊት ፍሬን ሸራውን ለማየት እጁን ሊሰድ ነበር። ዶክተር "እጅህን!" ብሎ ጮኸበት። ይህ ፍሬን በር ሲከፈት ራሱ ይነቃል፤ ፓምፑ ግፊት ይሞላል፤ በምርመራ ኮምፒውተር ካልተኛ በቀር ሸራውን በራሱ ጊዜ ሊጨብጥ ይችላል። ጣት መሀል ላይ ካለ ጣትን ይጨብጣል። ልጁ ለሁለት ቀን መኪናዋን ከሩቅ ዞሮ ነበር የሚያልፋት።

ኮምፒውተሩ ሲሰካ ፍሬኑ በዕድሜው ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ይቆጥራል። ገደቡ ወደ 300,000 ጊዜ ነው፤ የእኔዋ 214,000 ላይ ናት። ወዲያው ደብተሬን አወጣሁ። ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ደርሶ መልስ፣ አቃቂ ድልድይ ላይ ያለውን መጨናነቅ ጨምሮ፣ በቀን 400 ጊዜ ብረግጥ ቀሪዋ 86,000 በ215 ቀን ታልቃለች። ላብ አሰመጠኝ። ዶክተር እስኪያነባ ሳቀ፤ የፍሬኑ ዩኒት ታድሶ ቆጣሪው ከዜሮ እንደሚጀምር፣ የሚያድሱ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ። ቢሆንም ዛሬም ቀይ መብራት ላይ ስቆም ፔዳሉን በትንሹ ከፍ ዝቅ ማድረግ ትቻለሁ። አንዴ ረግጬ እይዛለሁ። ለምን ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ?

የአየር ከረጢቱን ምርመራ ግን የሠራው የጀርመን ኮምፒውተር አይደለም። ኦሞ ነው። ዶክተር በጆግ ውሃ ኦሞ በጥብጦ የኋላ ግራው ከረጢት ላይ በስፖንጅ ቀባና ሁላችንም ተንበርክከን ጠበቅን። ከታጠፈው ጎማ ሥር አረፋ እየተነፋ ወጣ፤ ምራቅ እንደሚነፋ ሕፃን። ጎማ ነው፤ ሃያ ዓመት ታጥፎ ሲዘረጋ የኖረ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ማንንም መክሰስ አይቻልም። አየሩን የሚሞላውን ፓምፕ የሚያበራና የሚያጠፋውን ሪሌም ቀየርነው፤ ሪሌው ከተጣበቀ ፓምፑ ያለ ዕረፍት እየሠራ ራሱን ያቃጥላል። ከዱባይ በሰው የመጡ ሁለት የኋላ ከረጢቶች 74,000፤ ሁለት ባትሪ 31,500፤ ሪሌ 2,800፤ አራት ጎማ 54,000፤ ዘይትና ፊልትሮ 18,600፤ የእጅ 25,000። ድምር 205,900 ብር። ከያዝኩት መጠባበቂያ 44,100 ተረፈ። መኪናዋ በጠቅላላ 2,178,150 ብር ወጣባት፤ በሯ ከማይከፈተው ቪትዝ በ78,150 ብር ብቻ በለጠች። ያን ቀን ማታ ባለቤቴ ፊት የተናገርኩትን ንግግር ብታዩት፤ ሚኒስትር በጀት ሲያጸድቅ።

ሰኔ 12 ቀን ወደ ቤት ይዣት መጣሁ። ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ነበር። አስፋልቱን ለቅቄ የኮብልስቶኑን 700 ሜትር ገባሁ፤ እንደ ምንጣፍ አለፈችው። ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ። ቀጥሎ ያለው 600 ሜትር አፈር ነው። የእኛ አካባቢ አፈር ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ፣ ክረምት ሲገባ አብጦ የነካውን የማይለቅ። በዚያ ላይ ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ተመልሶ የተደፈነ ቦይ መንገዱን ያቋርጣል፤ አፈሩ ቁጭ ብሎ እንደ ገበታ ጎድጉዷል። ዳሽቦርዱ ላይ መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ተጫንኩት። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አለች፤ በኩራት። ገባሁ። የሚገፏት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ክብደቷ ከ1,600 ኪሎ በላይ ነው። ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ ጥቁር ጭቃ ወደ ሰማይ ረጩ፣ ከዚያ ቁጭ አለች። ከሥሯ "ቋ" የሚል ድምፅ ስሰማ የራሴ ጎን የተመታ መሰለኝ።

አንድ ባጃጅ ሦስት ሰው ጭኖ በጎኔ አለፈ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋልኝ።

ስድስት ልጆች ገፉ። ስንት እንደምከፍል ቀድመው ተስማሙ፤ 600 ብር። ጭቃውን ከነጩ ሸሚዜ ላይ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ዘፍዝፋ አላስለቀቀችውም። በማግስቱ ሜትር ይዤ ቦዩን ለካሁ፤ ከለካሁ በኋላ የመኪናዋን ወለል ለካሁ። ቀድሜ ልለካው የሚገባኝን ነገር ያኔ ለካሁት። ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ ወዳለው ወረቀት እያየች "እዚህ ላይ መንገድ የሚል መስመር አለ?" ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። እግዜር ይስጣት።

የብሎኬት ግቢው የሌሊት ጥበቃ አባባ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ሰኔ 14 ቀን ሄጄ ሳናግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ሞላዋ የነፋስ ናት?" ብለው ነው። ገረመኝ። ዋጋ ላይ ትንሽ ተከራክረን 1,500 ላይ ተስማማን፤ ሲሚንቶ እንዳይነካት ሸራውን እኔ ገዛሁ። አባባ በራሳቸው ጊዜ አንድ ሥራ ጀመሩ፤ በየጠዋቱ ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ጣታቸውን አስገብተው ይለካሉ። "ልጄ፣ ዛሬም አራት ጣት ናት" ይሉኛል። አራት ጣት ማለት ጤና ነው። ዶክተር ይህን ሲሰማ ከኮምፒውተሩ ይሻላል አለ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ እማዬን ይዤ ደብረ ዘይት ሄድኩ። ከአባባ ግቢ ተነስተህ ትንሽ ሄደህ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፈጣን መንገዱን ካርድ ወስደህ ስትገባ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ቦይ ከኋላ ይቀራል። መቶ ላይ ደርሳ ውስጧ የሚሰማው የእማዬ መቁጠሪያ ነው። እማዬ ዱከም እስክናልፍ ዝም ብላ ቆየችና "የማን ነበረች?" አለችኝ። ስለ ደብተሯ ነገርኳት። ደብተሯ አሁንም ጓንት ሳጥኑ ውስጥ ናት፤ ባንኩን ጠይቄ ነበር፣ ተቀባይ አልተገኘም። እማዬ አውጥታ ገለጠቻት፣ ማንበብ ባትችልም። "እጁ እንዴት ያምራል" አለች። ቀጥላም "እግዜር የተሻለውን ይስጠው" አለችና መልሳ አስቀመጠቻት። እኔም የነዳጁን የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያችው ደብተር ላይ ነው፤ ያልተሞላውን መስመር ዘልዬ፣ ከሥሩ።

የዛሬውን ልጨርስና ልነሳ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው።

"ልጄ፣ ተነስተሃል?"

"ተነስቻለሁ አባባ፣ ምነው በደህና?"

"የፊት ቀኟ ሦስት ጣት ሆናለች።"

ባለቤቴ ከአልጋው "ኦሞው ከመታጠቢያ ቤት መደርደሪያው ላይ ነው" አለች። ቦቲዬን አጠለቅኩ።